በኖራ የተሳለው የአበባ መደብ

ማለዳ ከደሴ የተሳፈርኩት ሥዕል ልስል ነው። መቐለ፣ ዓይደር ውስጥ፣ አንድ ክሊኒክ ፊት ለፊት አዲስ የባጃጅ መሳፈሪያ ሊሠራ ታስቧል። ግንባታው ሳይጀመር ነዋሪው ዕቅዱን መሬት ላይ በልኩ ተስሎ እንዲያየውና አስተያየት እንዲሰጥበት ተብሎ እኔ ሠዓሊው ተጠራሁ።

አላማጣ ላይ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ የግራ ካሕሱን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ኮረም ስንደርስ ደግሞ ጃኬቴን ፈለግሁ። ማይጨው ሽሮ በላን። መቐለ ሲመሻሽ ገብተን ሮማናት አደባባይ አካባቢ አልጋ ያዝኩ።

በማግሥቱ፣ ዓይደር

የዲዛይኑ ባለሙያ ሀፍቶም ሜትሩን እየዘረጋ ይለካል፤ እኔ በኖራ እከተለዋለሁ። ባጃጅ የሚቆምበት፣ ሰው የሚጠለልበት፣ በመሳፈሪያውና በክሊኒኩ በር መካከል ደግሞ ረጅም የአበባ መደብ። ሀፍቶም በአበባው ይኮራል። እኔም ቀይ ቀለም በጥብጬ ጽጌረዳውን አሳመርኩለት።

ጨርሰን ዞር ስንል ባጃጆቹ መስመራችን ውስጥ ተሰልፈዋል። ማንም አላዘዛቸውም። እየሳቅን ሳለ ያየሁት ነገር ሳቄን አፌ ላይ አስቀረው። የወረደው ተሳፋሪ ሁሉ አበባውን ዞሮ ነው ወደ በሩ የሚሄደው። አስፋልት ላይ የተቀባ ኖራ ነው እኮ፤ አንድ ሰው አልረገጠውም።

ከዚያ ለተይ የምትባል ሴት ወረደች። አንድ እግሯ የለም፤ ቁስሏን ለማሳጠብ በክራንች ትመላለሳለች። እሷም መዞር ጀመረች። መሃል ላይ ቆማ ተነፈሰች፣ ቀጠለች፣ ጥጉ ላይ ክራንቿ አንሸራተታትና ወደቀች።

ሮጠን አነሳናት። ደንግጬ ክራንቿን እያቀበልኳት ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ ቀለም እኮ ነው፤ ለምን በላዩ አልሄድሽም?»

«ሓወይ» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ነገ እውነተኛ አበባ ሲሆን በየት ልሄድ ነው? ከዛሬ ልልመደው ብዬ ነው።»

ሀፍቶም ከክሊኒኩ ጥበቃ መጥረጊያ ተቀብሎ፣ ውሃ አስመጥቶ አበባውን ራሱ አጠበው። እኔም በቦታው ከመሳፈሪያው እስከ በሩ ቀጥ ያለ መንገድ ሳልኩ።

ለተይ ታክማ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«አበባውስ?»

«ቀረ» አላት ሀፍቶም።

በአዲሱ መስመር ቀጥ ብላ ሄዳ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ደሴ

ድንጋጤው ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም። የሚያስፈራኝ መውደቋ ብቻ አይደለም። አበባውን ተክለን፣ መርቀን፣ ፎቶ ተነስተን ቢሆን ኖሮ ለተይ አንድ ቃል አትናገርም ነበር። ትለምደው ነበር።