ሾፌራችን ወረቀት ላይ ያገኘው አጥር

«ስንት ሊትር ነው የማራግፈው? እዚህ የተሳለው አጥር ነው!»

ዛሬ ጠዋት የውሃ ቦቴ ሾፌራችን ጋሽ ቦሩ ከመንገድ ደውሎ ነው እንዲህ ያለው። በሰጠነው የማራገፊያ ወረቀት ላይ በሊትሩ ቦታ #### ታትሟል።

ዋናው ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ ይታተም ብዬ የኤክሴሉን ኮለም ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ ኤክሴል ደግሞ ቁጥሩ ኮለሙ ውስጥ አልገባ ሲለው #### ያሳያል። (ወረቀት ቆጥቤ ልመሰገን!)

የቢሯችን ጫልቱ ኮለሙን አልነካችውም። ከሰንጠረዡ እየቀዳ የሾፌሩን ወረቀት በራሱ የሚያወጣውን ማክሮ (ትንሿን ፕሮግራም) ከፍታ «ቴክስት» የሚለውን «ቫልዩ» አደረገችው።

«የሚታየውን ቅዳ አልከው፣ ቀዳ። ሴሉ የያዘውን ቅዳ በለው» አለችኝ።

ኮለሙ እንደጠበበ፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ! ወዲያው በቴሌግራም ላከችለት።

ከሰዓት ጋሽ ቦሩ ደወለ። «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው! ሰውም ከብቱም ጠጣ። አጥሩን ያፈረሰችውን ልጅ መርቁልኝ።»

እናንተስ ቢሮ አጥር አፍራሿ ማን ናት?