ወንዝ ዳር የተሰጣው ጋቢ

ዋጋነሽ በእንዶድ ያጠበችውን ጋቢ ስትጨምቅ ባሏ ወዬሳ በሌላው ጫፍ ይዞላት ነበር። ወሯ ስለገባ ብቻዋን አልቻለችም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ የመጀመሪያው ፋሲካ ደርሶ የኮልፌ ሴቶች ሁሉ ለአጠባ ወንዝ ወርደዋል።

«ወዬሳ፣ ያንተም ወር ገባ እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው ሸዋገነት። ሴቶቹ ሳቁ። ወዬሳም እየሳቀ ጋቢውን ከሌሎቹ ልብሶች በላይ ዳገቱ ላይ አሰጣው።

ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ከአስተርጓሚያቸው ጋር መጡ።

«ያንን ማን አሰጣው?» አለ አስተርጓሚው ጋቢውን እያሳየ።

«እኔ ነኝ፣» አለ ወዬሳ።

«ማዶ ላለው ሽፍታ ምልክት መስጠትህ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እርጥብ ጋቢ እኮ ነው! ይዳስሱት!» አለች ዋጋነሽ። «እኔን ሊያግዘኝ ነው የወረደው። ይንገሩልኝ።»

አስተርጓሚው ያገር ሰው ነው፤ የወንዙን ወግ ያውቃል።

«ወንድ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ የሚያጥበው?» አላትና ወደ ወታደሮቹ ዞሮ በጣሊያንኛ ተናገረ።

ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ። የሰማቸው የለም። ወዬሳን እጁን አስረው ሲወስዱት ዋጋነሽ ልትከተል ተነሣች፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

ወዬሳ በዓመቱ ሶማሊያ ውስጥ እንደታሰረ ሞተ።