ሰላምታ የጎደለው መልእክት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቆቦ ወደ ቆላው ገባ ባለ መጠለያ ነርስ ነበርኩ። ከቆቦ ጋር የምንገናኘው በሬዲዮ ብቻ ነው። ድምፃችን በቀጥታ ስለማይደርስ ዋጃ ያለው ባልደረባ ተቀብሎ ያስተላልፍልናል። ቅርቡ እሱ ስለሆነ መጠለያው ሁሉ የሚጫነው እሱኑ ነው፤ ባትሪውም ከማንም ቀድሞ ይደክማል። በመጨረሻ ከቆቦ ትእዛዝ መጣ፦ የዘወትሩ ወሬ በሁለቱ ሩቅ መጠለያዎች በኩል ዞሮ ይምጣ፣ ዋጃ ለጭንቅ ብቻ ይጠራ፣ ሰላምታም ይቅር።

የእኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ጡረታ የወጡ የራያ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳይጠይቁ ጉዳይ ማንሳት አይሆንላቸውም። እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ ችኩል ነኝ፤ ደሜ ይፈላ ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ ሰላምታ ባትሪ አይጨርስም» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ጉሉኮስ አልቆብናል። መኪና ካልደረሰላት እንደማትተርፍ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ዋጃ! ደም የሚፈሳት ወላድ አለች፣ ጉሉኮስና መኪና ቶሎ ላኩ» አሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

የዋጃው ሰው አላመነም። ጊዜው የጦርነት ነው፤ በሬዲዮ ገብቶ መኪና የሚያስጠልፍ አይጠፋም።

«እሳቸው ሰላም ሳይሉኝ አያወሩም። አንተ ማነህ?» አለ።

«ወላሂ እኔ ነኝ» እያሉ ማሉለት። እሱ ግን ደጋግሞ ጠየቀ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ በጥያቄው መሀል ጠፋ። የቀረችውን የዋጃን ባትሪ በጥርጣሬ ጨረስናት።

ሽማግሌው በሬዲዮው በሩቆቹ መጠለያዎች በኩል ዞሩ። በየደረሱበት ሰላምታውን አሟልተው ጠየቁ፤ እኔም ወደ ወላዷ ተመለስኩ። መልእክቱ ቆቦ ደረሰ።

መኪናው ሲመጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እናትየዋ ቀትር ላይ ሕይወቷ አልፏል። ሕፃኗን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የዋጃው ሰው ባትሪውን ሊያስሞላ ቆቦ ሄዶ ኖሮ፣ ሲሰማ አብሮ መጥቷል። ወርዶ ሽማግሌው ፊት ጎንበስ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋሉ? ልጁስ? ከብቱስ? ዝናቡስ?»

ከብትም ዝናብም አልነበረንም። ለእያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» አሉት።

«ወላዷስ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሕፃኗን ከእጄ ተቀብለው አሳቀፉት።