እናኑ የሰማችው ትምህርት

ደብሬ በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ፎገራ ሜዳ ላይ በእርሻ ያሳደገቻት እናቷ እናኑ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ የጎንደር ሐኪሞችም አይተው «ዘግይታችኋል» ብለው መለሷት።

አንድ ረፋድ እናኑ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ «አንቺ ተምረሻል፤ ይህን ነገር ምን እያሳደገው ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ገላችን ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው» አለች ደብሬ። «በውስጣቸው ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፤ የዘር መልእክታቸው የሚሠራበትን ነገር የሚያዘጋጀው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንደ ልብ ሕዋስ ለሁለት ተከፍሎ በማይባዛው ውስጥም አይጠፋም። ሁለተኛው ከማመንጫው ውጭ ነው፤ የሚበዛውም ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል ነው። ያንቺ እብጠት ሕዋሶች መከፈላቸውን ስላላቆሙ ይኸኛው በዝቶባቸዋል።»

«የት እንደሚቀመጥ ካወቃችሁ እንዴት ማስቆም አቃታችሁ?»

ደብሬ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ተይ ልጄ» አለች እናኑ ፀጉሯን እየዳበሰች። «የጠየቅሁሽ እንድታድኚኝ ብዬ አይደለም። ስታስተምሪ ሰምቼሽ ስለማላውቅ ነው።»

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው እናኑ ዐረፈች። ጎረቤቶች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ እየገቡ አስከሬኗን ቤተ ክርስቲያን አደረሱት። ትምህርት ሲከፈት ደብሬ ስለ ሕዋስ መከፈል የሚያወሳውን ምዕራፍ ሌላ መምህር እንዲያስተምርላት ለመነች።