መዝገብ ላይ የማይጻፍ ውሃ

የመጀመሪያው ጽሑፌ ዕድሜ አርባ ደቂቃ ነበር። መርሳ ከተማ፣ ከተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስልኬ ላይ እየለቀምኩ ጻፍኩት። «ማንም ሰው ገብቶ መጻፍ ይችላል» የሚባልለት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ አወጣሁት። ደስ ብሎኝ ጎረቤቴን «ነይማ እዪልኝ» ብዬ ጠርቻት ስመለስ ጽሑፉ የለም። በቦታው አንድ አራሚ የተወው መስመር ተቀምጧል፦ «ማስረጃ የለውም፤ የግል ትዝታ ይመስላል።»

ይመስላል! እንዴት አይመስልም? የግሌ ነዋ።

የጻፍኩት ግራና ከተማ አጠገብ ስላለችው ስለተወለድኩባት መንደር የመስኖ ውሃ ነው። በጋ ሲገባ ወንዙ ይሳሳል፣ ውሃውም በተራ ይሆናል። ተራውን የሚያዘው ገበሬው የመረጠው ሽማግሌ ነው፤ የውሃ አባት ይባላል። ዛሬ የእገሌ ማሳ፣ ነገ የእገሌ ማሳ እያለ በደብተር ይጽፋል። ተራ ያዛባ ይቀጣል። ነገር ግን የደብተሩ ተራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ባል የሞተባት ሴት ታጠጣለች። ውሃው እንዳይጠለፍ ቦይ ዳር የሚያድርላት የላትማ። አካፋ ከያዘ ጎረምሳ ጋር የሚሟገትላትም የላትም።

አባቴ የሞተው ፊደል ሳልቆጥር ነው። እናቴ በዚያ ውሃ ሽንኩርትና በቆሎ አብቅላ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ያ ውሃ ባይቀድምልን ኖሮ መጻፍም ባልቻልኩ፣ ከማላውቀው ሰው ጋርም በስልክ ባልተጨቃጨቅኩ ነበር።

ጽሑፉን መለስኩት። አራሚው አነሳው። እንደገና መለስኩት። እንደገና አነሳው። በውይይት ገጹ ላይ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ብትመልሰው ትታገዳለህ» ብሎ ጻፈልኝ።

«ወንድምህ አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ። ደግሞም አልፈራህም» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም። ደንቡን አስረዳኝ፤ ሌላ ሰው አጣርቶ ያሳተመው ነገር ያስፈልጋል፣ የራስ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም አለኝ። ይባስ ብሎ ራሱ ደክሞ ፈልጎ አንድ ማስረጃ አገኘልኝ። ከሩቅ ከተማ የመጣ ተማሪ ስለ እኛ ወንዝ የጻፈው የመመረቂያ ጥናት ነው። በጉጉት ከፈትኩት። «ባል የሞተባቸው ሴቶች ከውሃው ድርሻ የላቸውም» ይላል።

ራሴን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተማሪው የውሃ አባቱን ደብተር ፎቶ አንስቷል፤ ፎቶውም ጥናቱ መጨረሻ ላይ አለ። ከላይ እስከ ታች የወንድ ስም ነው። የሴት ስም ፈልጎ ስላጣ «የላቸውም» ብሎ ደመደመ። አንዲትም ሴት አስቁሞ አልጠየቀም። የእናቴ ማሳ እኮ ደብተሩ ፎቶ ከተነሳበት ቦታ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል! በማግስቱ አራሚው ዓረፍተ ነገሩን ከነማስረጃው ገጹ ላይ አሰፈረው። እንግዲህ ዓለም ስለ መንደራችን የሚያነበው ይህ ሆነ፤ ባል የሞተባትን ውሃ የሚከለክሉ ሰዎች።

እንዲህማ አይቀርም ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ ግራና ሄድኩ። እናቴን አስከትዬ የውሃ አባቱ ጋ ስደርስ፣ ልብሳቸውን ሰብስበው ከቦዩ ደለል ያወጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ የኔ ልጅ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አካፋቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«እንግዲህ አባባ፣ ደብተርዎ ላይ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ‹ባል የሞተባት ትቀድማለች› ይበሉ፣ ሌላ አልፈልግም። ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ።»

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ደብተር ላይ ያለ ሰው ይጠየቅበታል። ይካሰስበታል። የእነሱን ከጻፍኩት ውለታ ይሆንባቸዋል፤ ነገ አንዱ ብድግ ብሎ ‹ይህን ያህል ጊዜ አጠጣንሽ› ይላታል። ከእኔ በፊት የነበሩትም አልጻፉት። እኔም ወላሂ አልጽፈውም።»

«እንግዲያውስ ‹ይከለክሉ ነበር› ተብላችሁ ቅሩ!» ብዬ ጮኽኩ። በእሳቸው ላይ! እናቴ ክንዴን መዠረጠችኝ። «አፍሽን ሰብስቢ፣ አንቺ!» አለችኝ። አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ለደንብ ተብሎ ጽሑፌ ይሰረዛል፣ ለጨዋነት ተብሎ ደብተሩ ዝም ይላል፣ መሀል ላይ ውሸቱ ብቻውን ታትሞ ይኖራል።

ይህን ጊዜ እናቴ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ አይጻፉ። ልክ ነዎት። ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ከተናገርሽማ ማን ይከለክልሻል» አሉና ወደ ደለላቸው ተመለሱ።

እናቴ ብትናገርም እኔ ብጽፈው ያው «የግል ትዝታ» ሊባል ነው። ስለዚህ ወልድያ ወጥቼ የባህል መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው ፈለግሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፣ አንዴ መስክ ወጥቷል። ሦስተኛው ጊዜ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። «እኔ ልጽፍልህ አልፈልግም፤ አንተ ራስህ መጥተህ ጠይቅ፣ ውሸታም ሆነን ካገኘኸንም ውሸታም በለን» አልኩት። ሳቀና መጣ። እናቴ ስድስት ባል የሞተባቸው ሴቶች ሰብስባ ጠበቀችው። እኔን ከአጠገባቸው አባሮ እያንዳንዷን ለብቻዋ ጠየቀ። ተራ የሚጠብቁ ወንዶችንም ጠየቀ። የውሃ አባቱን ሲጠይቃቸው «ሴቶቹ ከነገሩህ በኋላ እኔን ምን ትለኛለህ?» ብለውት ብቻ አለፉ።

መጽሔቱ እስኪታተም ስንት ወር ጠበቅኩ! ወጥቶ እጄ ሲገባ ከወልድያ መርሳ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እያነበብኩት መጣሁ፤ አጠገቤ ላሉት ሰዎችም ሳይጠይቁኝ አነበብኩላቸው። ገጹን በአዲስ መልክ ጻፍኩት። የተማሪውን ጥናት አልሰረዝኩም፤ እንዲህ ብሏል፣ ደብተሩን ብቻ ተመልክቶ ነው፣ ሴቶቹ ራሳቸው ግን እንዲህ ይላሉ ብዬ ከነገጽ ቁጥሩ አስቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። አንድ ቀን ጠበቅኩ። ሳምንት ጠበቅኩ። አልተነሳም። አራሚው ሁለት ኮማ አስተካክሎ «አሁን ሆነ፣ እህቴ» ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ለእናቴ ከስልኬ አነበብኩላት። «ባል የሞተባት ሴት ከተራው በፊት ቀድማ ታጠጣለች» ስል እጇን አነሳች።

«ጎድሏል።»

«ምኑ?»

«‹ሳትጠይቅ› በይ። ቀድማ፣ ሳትጠይቅ። አባትሽ በሞተ በአርባኛው ቀን ከቤት ስወጣ ውሃው ማሳዬ ላይ ደርሶ ነበር። ማንንም ና ብዬ አልጠራሁም።»

መጽሔቱን ገልብጬ አየሁ። የለበትም። አዘጋጁም አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። ቃሉን እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ጨመርኩት። በማግስቱ ከጎኑ «ማስረጃ ይጠቀስ» የሚል ተለጠፈበት። ይለጠፍ! እናቴ አንድም ቀን ውሃ ፍለጋ የሰው ደጅ አልጠናችም፤ እኔም ለዚህች ቃል የማንንም ደጅ አልጠናም። ቢያነሷት እመልሳታለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አላነሷትም።