ኩይሳው የነበረበት ቦታ

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ። ምራቴን ማማቴን፣ የበሰበሰ ቲማቲም ከደህናው ሥር ደብቄ መሸጤንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ለእሳቸውም ሆነ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም እሰግድና መሬቱን ይዤ እቀራለሁ። ራሴን አውቃለሁ፣ ስግደቱ ይቀለኛል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስግደት ስለማታዙልኝ ነው።

ብርቄ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ በጀርባ ታዝዬ ነው የመጣሁት፤ ያደግሁትም አሶሳ አጠገብ፣ በቁጥር በሚጠራ መንደር ነው። የምኖረው በጓሮ አትክልት ነው። ጎረቤቴ ሐዋ የበርታ ሴት ናት። አማርኛን የለመደችው ከእኛ ጋር ስትውል ነውና ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች። ጓሯችን ጎን ለጎን ሆኖ ወደ ጅረቱ ያዘቀዝቃል። ጅረቱ የእኔን ጓሮ በሰፊው ይነካል፤ የሐዋን ግን በአንዲት ጥግ ብቻ ነበር። በበጋ ባሚያዋን የምታጠጣው ከዚያች ጥግ ነው። ወሰናችን ከላይ የማንጎ ዛፍ፣ ከታች ምስጥ የሠራው፣ በቁመት እኔን የሚበልጥ ኩይሳ ነበር። አጥር አልነበረንም። ማን አስቦት?

ከዚያ ዩሪያ የጠፋበት ዓመት መጣ። የግብርና ባለሙያው ሰብስቦን በቤታችሁ ባለው ነገር ተጠቀሙ አለን። እኔም የዶሮ ኩስ ትኩሱን አምጥቼ በተንኩና ችግኙን አቃጠለው። የከብት ፍግ ሞከርኩ፤ ከነአረሙ መጣብኝ። ለኮምፖስት ብዬ ጉድጓድ ውስጥ የከመርኩትን ገለባና ቅጠል ምስጥ በላው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ምስጡን ስራገም ሐዋ ሰምታ ሳቀች።

"ምስጥ የበላውን ከምስጥ ውሰድ" አለችኝ። "ኩይሳውን ቁረስ፣ ከፍየል በጠጥ ጋር ቀላቅል። ሥሩን ግን አትንካ። ሥሩ ካለ ይመለሳል እሱ።"

ምስጢሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። ወሰናችን ከሆነው ኩይሳ ቁረሺ ብላ የፈቀደችልኝም እሷ ናት። እኔም ቆረስኩ። የዚያን ዓመት ቲማቲሜ ድጋፍ ካልቆመለት የሚቆም አልነበረም፤ ከሸርቆሌ ሳይቀር እየመጡ ወሰዱልኝ። በሁለተኛው ክረምትም ለጎመኔ ቆረስኩ። ሐዋ በአካፋ ስዝቅ ስታየኝ "አንተ ደግሞ ምስጥ ሆንክ" እያለች ትስቅ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ኩይሳው ከመሬት እኩል ሆነ። እስከዚህ ድረስ በደል አልሠራሁም። ከዚህ በኋላ ነው የሠራሁት።

ሐዋ የወለደች ልጇን ልታርስ ሆሞሻ በሄደችበት ሰሞን የመሬት ለኪዎች መጡ። ወሰናችሁ የቱ ነው አሉኝ። ኩይሳው የነበረበትን ቦታ እግሬ ያውቀዋል፤ ቆሜበት ነበርና። እኔ ግን ጣቴን ዘርግቼ ከወዲያ፣ በሐዋ ጓሮ ውስጥ ያለውን የሽመል ቁጥቋጦ አሳየኋቸው። በዚህች ጣቴ። እነሱም ችካል መቱ፤ የሐዋ የውሃ ጥግ የእኔ ሆነች። አንዲት ጣት ቀስሬ የሰው ውሃ ወሰድኩ።

ለምን? ርቦኝ ነበር አልላችሁም፤ አልራበኝም። ሰው አሳሳተኝ አልልም፤ ማንም አጠገቤ አልነበረም። ሰይጣን ነው እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ሰይጣንን ለምን በማያውቀው ነገር አስገባዋለሁ? ጅረቱን ለብቻዬ ፈለግሁት፣ ወሰድኩት። እኔ ነኝ።

ሐዋ ተመልሳ ችካሉን ስታይ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አልተቆጣችም። ቆማ መሬቱን ስታይ ቆየች።

"ብርቄ፣ ኩይሳው የት ሄደ?" አለችኝ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "አንቺ አይደለሽ ውሰጂ ያልሽኝ?" አልኳት።

የሠራሁትን ሁሉ ብረሳ ይህችን ቃል አልረሳም። የመሬቱስ ይሁን፣ የሰጠችኝን ምክር መልሼ መሰከርኩባት። ቀበሌ ሄዳ አመለከተች። ምልክቱን አሳዪን አሏት። ምን ታሳያቸው? ምልክቱን ጎመኔ በልቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጀሪካን ይዛ ትመጣና ችካሉ ጋ ቆማ "ልለፍ?" ትለኛለች። እኔም "እለፊ" እላታለሁ። መንደርተኛው ይህን እያየ ብርቄ ደግ ናት ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይከለክላት ነበር ይላል። እኔም ስመረቅ አሜን እላለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አሜን ብያለሁ!

ኩይሳው ግን ተመለሰ። ሥሩን አትንኪ ስባል አልነካሁም ነበርና፣ በዓመቱ ዝናብ ሲጥል ጎመኑ መሃል ስንዝር የምታህል ቀይ አፈር ብቅ አለች። እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ ጋት እንኳ አልሳተም። በመቆፈሪያ ናድኩት። አፈሩንም አልጣልኩትም፤ ለጎመኔ አበላሁት። በየክረምቱ እሱ ይወጣል፣ እኔ መልሼ እንደዋለሁ።

ዘንድሮም ልንደው መቆፈሪያዬን ይዤ ስወጣ ሐዋ በሰሃን ባሚያ ይዛ መጣች። በጀሪካን ውሃ ያደገች፣ ቀጫጫ ባሚያ ናት። ምንድን ነው አልኳት።

"ለመንገዱ ነው" አለች። "ሁልጊዜ እለፍ ትለኛለህ። ወላሂ ጥሩ ሰው ነህ አንተ።"

በገዛ መሬቷ ላይ ስላሳለፍኳት አመሰገነችኝ። ባሚያውን ተቀበልኳት፤ ወጥ ሠርቼም በላሁት። ከዚያ በኋላ ግን መቆፈሪያዬን ኩይሳው ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ተውኩት። አሁን ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ደርሷል።

ትናንት ሐዋ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የጎመን ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየችው። ጀሪካኑን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ እጇን አፈሩ ላይ አሳረፈች፤ ቀና ብላ ወደ ማንጎው ዛፍ አየች፤ ከዚያም ወደ ችካሉ።

"መጣ እሱ" አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ሰኞ የመሬት ደብተሬን ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ። ልጄ እማዬ አብደሻል ይለኛል፣ ይበል። በምርቃት ያጠገቡኝም ይትፉብኝ። በዚያችው ጣቴ ኩይሳውን አሳያቸዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ ከእናንተም፣ ከእሷም። ሰባት ዓመት "ልለፍ?" እያለች ስትለምነኝ የኖረችን ሴት አሁን ደግሞ እኔ ይቅርታ ስጪኝ ብዬ ልለምናት? ከእሷ የወሰድኩት ይበቃል። ካልማረችኝ አትማረኝ፤ ውሃዋን ትውሰድ።

ዛሬ ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ችካሉ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዴ "እለፊ" ልል አፌን ከፈትኩ። ሳትጠይቀኝ አለፈች።