ለማውጫዋ ያልደረሱ ጥያቄዎች

የምርምር ተቋሙን የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ በስሟ የሚጠራት የለም፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎቹ ሁሉ «ማውጫዋ» ይሏታል። የፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የትኛዋ ጥንዚዛ ድሮ ማን ተብላ፣ በየትኛው መጽሔት እንደተጻፈች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቃሏ ስትመልስ ኖራለች። መጻሕፍቱ ተመራማሪዎቹ በሚሠሩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ሲገቡ ግን ጠረጴዛዋ ጭር አለ።

አለቃዋ ቁርጡን ነገሯት። «ፕሮግራሙ ላይ አንቺን መጠየቂያ ቁልፍ ይደረጋል። በስድስት ወር ጠያቂ ካልተገኘ ግን ቦታው ይዘጋና ንብረት ክፍል ትመደቢያለሽ።»

ቁልፉን የሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እዚያው ተመራማሪ ሆኖ ፕሮግራሙን የሚመራው እሱ ነበር። እናታቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ከእሱ ወዲያ ማንን ትመን?

ስድስቱን ወር ዝንብ እሽ ስትል ከረመች። አንድም ጥያቄ አልመጣም። ወንድሟ ብቻ በየጠዋቱ ሻይ ይዞ ከች ይላል።

«እታለም፣ እስቲ ይቺ እንቁራሪት የድሮ ስሟ ማን ነበር?»

ሊያጽናናት መስሏት አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል፤ ገጹን ሳይቀር ትነግረዋለች። ምን ዓይነት የዋህ ናት!

የመዝጊያው ደብዳቤ በደረሳት ቀን አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። «ወንድምዎ እኮ ጉድ ነው! ቁልፏን በተጫንኩ በማግስቱ ይመልስልኛል» ብላ ስልኳን አሳየቻት። የእንቁራሪቷ ጥያቄ ነበር። መልሱ ከነገጹ፣ «ግርጌው ሳይታይ አይታለፍም» ከሚለው የዘወትር አነጋገሯ ጋር የራሷ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስም የወንድሟ። ማውጫዋ ክው አለች።

በማግስቱ ሻዩን ይዞ ሲመጣ አፋጠጠችው። «ጥያቄውን ሁሉ ወደ ራስህ ነው ያዞርከው?»

አቀረቀረ። «ምን ላድርግ እታለም፣ የመጽሐፍ ጠባቂ መልስ ማን ያምናል ብዬ ነው።»

«ቦታዬ ሲዘጋስ? ለአለቃው አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተህ?»

ሻዩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። እሷ አለቀሰች፤ የተካደችው በገዛ እጇ ባሳደገችው ነው። እንዲያም ሆኖ ከሻዩ ጋር ይዞት የመጣውን ወረቀት ተቀበለችው፤ የዚያችው ልጅ አዲስ ጥያቄ ነበር። መልሱን ጽፋ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች።

«እንዲሁ እንዳለ ላክላት። ይቅር እልሃለሁ።»

«በእናታችን አጥንት!» ብሎ ማለላት።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች ሳለ ልጅቷ በበሩ ብቅ አለች።

«የዛሬውንም መለሰልኝ» አለች እየሳቀች። «ወንድምዎን ያመስግኑልኝ።»